የፍስክ ድስት

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ የጭነት መኪና ጥሩንባ ሲሰማ ሕፃን አዋቂው ከደጅ በሚወጣበት ዘመን፣ ዳንግላ ላይ ልጁን የሚድር ሰው መጀመሪያ ቄስ ዘንድ ሄዶ ቀን ይጠይቃል፤ ከዚያ በቀጥታ ከገበያው በታች ወዳለችው ትንሽ የሣር ክዳን ቤት ይወርዳል። የቤቲቱ ባለቤት ውብአየሁ ትባላለች።

«ቀኑን ቄሱ ፈቅደውልኛል፤ አንቺስ ትፈቅጂልኛለሽ?» ይላታል ደጋሹ እየሣቀ። ሣቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም። እሷ «ያን ቀን ሌላ ቤት ነኝ» ካለችው ሰርጉ በሳምንት ይገፋል። ሙሽሪት ትጠብቃለች፣ ጠጁም ይጠብቃል፤ ውብአየሁ ያልነካችውን ዶሮ ወጥ ለአማች ማቅረብ ግን የሚደፍረው አልነበረም።

ትውልዷ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ነው፤ አገው ናት። ዳንግላ የመጣችው ኮርቻ ሠሪውን ሽባባውን አግብታ ነበር። አማርኛውን የለመደችው በድስት ዙሪያ፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሽንኩርት ስትከትፍ ነው፤ ስለዚህ አማርኛዋ ሁሉ የማድ ቤት ሽታ ነበረው። ሰው ሲቆጣ «ተንተከተከ» ትላለች፤ ሲታረቅ «በሰለ» ትላለች። ሽባባው ልጅ ሳያስወልዳት በወጣትነቱ ሞተ። የሐዘኗ ዓመት ሲያልፍ ከአንድ ጎረቤት ተዝካር ላይ ልታግዝ ገባች፤ የዚያን ቀን የተነሣ ስም ከዚያ ወዲያ አልተኛም።

ወጥ ስትሠራ አትቀምስም። የድስቱን ክዳን ገለጥ ታደርጋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ፊቷን እንፋሎቱ ላይ ዘንበል አድርጋ እንደ ጸሎት ዝም ትላለች። ከዚያ ትፈርዳለች። «ኮረሪማው አኩርፏል፤ ጨምሩለት።» «ሽንኩርቱ ገና ጥሬውን እያወራ ነው፤ ቅቤው ይቆየው።» ልጃገረዶቹ አፋቸውን ሸፍነው ይሥቃሉ። ግን የምትላቸውን ያደርጋሉ።

ድግስ ሁሉ የሌላ ሰው ድግስ ነው። የእሷ ድግስ እሑድ ነበር።

ሁለት ወዳጆች ነበሯት። አንደኛዋ ደጊቱ ናት፤ ከቡሬ ወገን የመጣች፣ ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ፣ ነጠላዋ የማይጎሰቁል፣ ንግግሯም እንደ ነጠላዋ የተስተካከለ። ሁለተኛዋ እታለማሁ ናት፤ የእንጅባራ ልጅ፣ ጠላ ጠማቂ፣ ሣቋ ከአጥር ውጭ የሚሰማ። ሦስቱ ከቅዳሴ መልስ በተራ እቤት ይበላሉ፤ ዛሬ አንዷ ዘንድ ከሆነ ሳምንት ሌላዋ ዘንድ። በገበያ ቀን ደግሞ ከውጭ ይበላሉ። ይታይሽ የምትባል ሴት ከገበያው ጥግ ጠላ ቤት አላት፤ ከመደቧ ላይ ተደርድረው፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ እየነከሩ፣ ጠላ በዋንጫ እያስቀዱ፣ የመንደሩን ነገር ሁሉ እዚያው ይበልታሉ።

«ደጌ፣ ድንቹን በነጠላ ይዘሽ ትበያለሽ እንዴ? ክርስትና ልታስነሺው ነው?» ትላለች እታለማሁ።

«እጄ ላይ ቅመም አለ፤ ድንቹን ይቀይረዋል።»

«ይቀይረው! አንዳንድ ቀን እንኳ ሌላ ነገር ይሁን።»

ውብአየሁ ድንቹን ስትሰነጥቀው እንፋሎቱ ይወጣል፤ ያን እንፋሎት ስታሸት «የእኛ ቤት ጓሮ» ትላለች። እናቷ ከአፈር ስታወጣው፣ ዝናብ ያረሰረሰው አፈር፣ የቀርከሃው ቅጠል። አንድ ድንች ውስጥ ይህ ሁሉ ነበራት። ሞቅ ሲላት ታንጎራጉራለች፤

«ከእናት ልጅ ይበልጣል አብሮ የቆረሰ፣
አንድ መሶብ ከቦ እንባዬን ያበሰ።»

እውነት ነበር። ለሽባባው ያፈሰሰችው እንባ የደረቀው በእነዚህ ሁለት ሴቶች ማዕድ ላይ ነው።

ከገና በኋላ ታመመች። ትኩሳት ነው ያሉ አሉ፣ ተስቦ ነው ያሉ አሉ፤ ብቻ ብዙ ቀን ተኛች። እታለማሁ አጥሚት ታጠጣታለች፤ ደጊቱ ጤና አዳም አሽታ ከትራሷ ሥር ታደርግላታለች። ዳነችና ተነሣች። መጀመሪያ የሠራችው ቁሌት ነበር። ሽንኩርቱን ድስት ላይ ጥላ፣ ፊቷን ወደ በር መልሳ የጎረቤት ወሬ ስትሰማ ቆየች፤ ጎረቤቲቱ «ኧረ ውብአየሁ፣ እያረረብሽ ነው!» ብላ ጮኸች። ዞር ስትል ድስቱ ጠቁሯል፤ ጭሱ ዓይኗን ያቃጥላታል፤ አፍንጫዋ ግን ምንም አልነገራትም።

በሽታው ትቶት የሄደ፣ በራሱ የሚያልፍ ነገር መስሏት ጠበቀች። ቀን ጨመረች። ነጭ አዝሙዱን በመዳፏ አሽታ ተጠጋችው፤ አቧራ ነው። ኮሰረቱን ጨመቀችው፤ ሣር ነው። ምላሷ ጨውን ያውቃል፤ በርበሬውም ያቃጥላታል፤ ግን ያቃጥላታል እንጂ አያወጋትም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። የሽባባው የመጨረሻ ኮርቻ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሆድ ሲብሳት ትጠጋውና ቆዳውን ትተነፍሰዋለች፤ እሱ ከእነላቡ፣ ከእነሰሙ ይመጣላት ነበር። አንድ ጠዋት ግንባሯን ደግፋ ቆመች፣ ሳበች፣ ደግማ ሳበች። ቆዳ ብቻ ሆኗል። ባሏ ሁለተኛ የሞተው ያን ጠዋት ነው።

ለማንም አልነገረችም። ለማን ትንገር? ወጥ ሠሪ አፍንጫዋ ሞተ ከተባለ ማን ድስቱን ያምናታል? ሌላም ፍርሃት ነበራት። የደጊቱ ልጅ ሸጋ ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ቀን ተቆርጧል። ደጊቱ ገና ድሮ፣ ልጅቱ ጡት ሳትጥል፣ «የሸጋን ሰርግ ወጥ የምትሠሪው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አይነካውም» ብላ ቃል አስገብታታለች። ውብአየሁ የራሷን ልጅ የምትድር ያህል ስትጠብቀው የኖረችው ሰርግ ነው። «አልችልም» ትበላት? እስከዚያ ይመለስ ይሆናል። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሣ ይመለሳል። እንዲህ እያለች ቀኗን ገፋች።

ከዚያም ሁዳዴ ገባላት። በጾም ሰርግ የለም፤ ዶሮም ቅቤም የለም። ጾመኛ ወጥ ሠሪ ወጧን አትቀምስም፤ ስለዚህ ማንም «ቅመሽልኝ» አይላትም። አገሩ ሁሉ በዓይንና በግምት በሚሠራበት ወቅት እሷም እንደ አገሩ ሆነች። ቁሌቱን በጆሮዋ ታበስላለች፤ ሲንጫጫ ገና ነው፣ ድምፁ ሲወፍር ደርሷል። ወዳጆቿ እሑድ እሑድ «እጅሽ ይባረክ!» ይሏታል። እሷም በየተራቸው ቤት ተቀምጣ «ጣፈጠኝ» ትላለች፤ እነሱ ሲበሉ ፊት ፊታቸውን እያየች። ጎረቤት ዓይኗ ቀልቶ ካገኛት ምድጃውን ታሳብባለች። ብቻዋን ስትሆን ግን፤

«ጭስ ነው እላለሁኝ ዓይኔ ሲያለቅስብኝ፣
ለማን እነግራለሁ ሆዴ ሲብስብኝ።»

የደብረ ዘይት ዕለት ተራው የእሷ ነበር።

ውብአየሁ ሁለት ድስቶች አሏት፤ አንዲት ሸክላ ሠሪ በአንድ ቀን የሠራቻቸው፣ ሆዳቸውም ጆሯቸውም አንድ የሆነ መንታ ድስቶች። አንዱ የጾም ነው፤ ሌላው የፍስክ። ሸክላ የጠጣውን አይረሳም፤ ዓመት ሙሉ ቅቤ የገባበት ድስት በአመድ ቢፈገፈግ፣ በፈላ ውሃ ቢታጠብ፣ እሳት ሲነካው ቅቤውን መልሶ ያወጣዋል። ስለዚህ ሁዳዴ ሲገባ የፍስኩ ድስት ቆጥ ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል፤ ወጥ የሚነካው ፋሲካ ነው። እሷ ሁለቱን ለይታ የምታውቀው በማሽተት ብቻ ነበር። ምልክት ያደረገችበት ጊዜ የለም። ለምን ታደርግ?

በዚያ ሳምንት ጎረቤት ልቅሶ ነበረና የጾሙ ድስት በውሰት ሄደ። ሲመለስ እሷ ቤት አልነበረችም፤ ያመጣችው ሴት ታጥቦ ንጹሕ መሆኑን አይታ ከቆጡ ላይ፣ ከመንታው አጠገብ ደፋችው። እሑድ ውብአየሁ ከቅዳሴ ስትመለስ ሁለቱን ጎን ለጎን ተደፍተው አገኘቻቸው።

አንዱን አወረደች። አፍንጫዋን አፉ ላይ ገጥማ በኃይል ሳበች። ሁለተኛውን አወረደች። ያም ዝም አለ። በጣቷ ውስጡን ዳበሰችው፤ ሁለቱም ለስላሳ፣ ሁለቱም ጥቁር። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቲቱ ድምፅ ይሰማል። ተጣርታ «እስቲ ይኼን አሽቺልኝ» ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይ መጣ። ግን «ምን ሆነሽ ነው?» ብትላትስ? ውብአየሁ ለእጇ የቀረባትን ጉልቻው ላይ ጣደችው። የዕድሜ ልኳን ጥበብ በዕጣ ጣለችው።

ሽሮው ከአተርና ከባቄላ የተፈጨ ነበር። ወዳጆቿ ሲገቡ ገና ይንተከተካል። የዳጉሳ እንጀራውን ዘርግታ ድስቱን እንዳለ ከነግለቱ አመጣችው፤ እታለማሁ እንደዚያ ነው የምትወደው። ክዳኑን ስትከፍተው እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው።

ደጊቱ የዘረጋችውን እጅ መለሰች።

እታለማሁ አላስተዋለችም፤ ከረኃቧ ጋር እየታገለች አንድ ጊዜ ጠቅልላ ዋጠች። ሁለተኛውን ልትጠቀልል ስትል አፍንጫዋ ነቃ። እጇ እንጀራው ላይ ቀረ።

«ምነው? ጨው በዛበት?» አለች ውብአየሁ። ትልቅ አድርጋ ጠቀለለችና ወደ ደጊቱ አፍ ዘረጋች። «በይ ደጌ፣ ከእጄ።»

ደጊቱ ፊቷን አዞረች። ሃያ ዓመት ገደማ አብረው ሲበሉ ጉርሻ ተመልሶ አያውቅም። ውብአየሁ እጇን ዘርግታ ቀረች።

«ውብአየሁ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሽሮ ነዋ።»

«በምን የተሠራ?»

«በዘይት። በምን ይሠራል ታዲያ?»

«ቅቤ ነው የሚሸተው።»

«ቅቤ? በደብረ ዘይት? አብደሻል እንዴ ደጌ! ማርያምን፣ ሁዳዴ ከገባ ጣቴ ቅቤ አልነካም!»

«ማርያምን አትጥሪ።» የደጊቱ ድምፅ ቀጠነ። «ቤቱ በሙሉ እየሸተተ፣ ጉሮሮዬ ድረስ እየገባ፣ ፊቴ ላይ ትምያለሽ?»

እታለማሁ በሣቅ ልታበርደው ሞከረች። «እኔማ ውጬዋለሁ! ገሃነም ብቻዬን ልገባ ነው? ወይ አብራችሁኝ ጉረሱ፣ ወይ...» ደጊቱ ስታያት ሣቋ ተቋረጠ።

«ድስቱ... ድስቱ ተሳስቶብኝ ይሆናል» አለች ውብአየሁ።

«ተሳስቶብሽ?» ደጊቱ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። «ከደጅ የሚጣራ ሽታ! ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን! የዳንግላ ሰው አንቺን ነው በአፍንጫዋ ወጥ ታነባለች የሚልሽ፤ አንቺ ድስት ተሳሳተብሽ? ጉርሻ ደግሞ! በእጅሽ ልታገድፊኝ!»

ውብአየሁ መልስ ነበራት። አጭር፣ ቀላል መልስ። እሱን ትታ ጉርሻውን ወደ መሶቡ መለሰች። ደጊቱ በሩን አልፋ ሄደች። እታለማሁ ግን ተጠጋቻት። «ንገሪኛ፣ የኔ እህት። ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት በአገውኛ። ውብአየሁ ድስቱን እያየች «ምንም» አለች። እታለማሁም ተነሣች።

ሁለቱ ሴቶች፣ እታለማሁ ስለዋጠችው ደጊቱ ስለሸተታት፣ በማግስቱ ከንስሐ አባታቸው ከቄስ ገብረ ማርያም ዘንድ ሄደው ስግደት ተቀበሉ። ነገሩ በዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

በገበያ ቀን ውብአየሁ ከጾም ሰዓት በኋላ ይታይሽ ቤት ገባች። መደቡ ባዶ ነው። ተቀመጠች። ድንቹ መጣላት፤ ሰነጠቀችው፤ እንፋሎቱ ፊቷን አረጠበው፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ይታይሽ ዋንጫዋን እየሞላች ዞር ዞር አለች። ወሬ የያዘች ሴት መሆኗ ከአካሄዷ ያስታውቃል።

«እነ ደጊቱ ዛሬ እዚህ አይመጡም መሰል» አለች።

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ። የሰርጉን ወጥ እንኳ ለኮሶበሯ ወጥ ሠሪ ለውዴ ሰጥታለች አሉ። ... እንዲያው የሰማሁትን ልንገርሽ፤ እኔ አልጨመርኩም አልቀነስኩም። 'ልጅ ያልዳረች ሴት የሰው ሰርግ ስታይ ሆዷ ምን እንደሚል ማን ያውቃል? ለልጄ ሰርግ እግዜርን ልታስቀይምብኝ ነው በጾሜ ቅቤ ያቀረበችልኝ' ብላለች።»

ውብአየሁ የያዘችውን ድንች አስቀመጠች። አዋዜው ጣቷ ላይ ደረቀ።

መንገድ ላይ ስትሄድ ነገሩን ገልብጣ ገልብጣ አየችው። ዝም ብትልስ? ውዴ ጎበዝ ናት፤ ሰርጉ አይበላሽም። ምስጢሯም ምስጢር ሆኖ ይቀራል፤ ለሌላ ድግስ ጠሪ አይጠፋም። በዓይንና በጆሮ እየሠራች ጥቂት ዓመት ትገፋ ይሆናል። የምታጣው ሁለት ሴቶችን ብቻ ነው። ሁለት ሴቶችን ብቻ! እግሯ መሄድ አቆመ። የሸጋን የልጅነት ፀጉር የሠራች እጅ፣ ለሸጋ ክፉ የተመኘች ተብላ ልትኖር ነው። ከዚህስ «አፍንጫ የሌላት» መባል ሳይሻል አይቀርም።

በነጋታው ወደ ደጊቱ ግቢ ሄደች። ግቢው በሴቶች ተሞልቷል፤ የሰርጉን በርበሬ ዛላ እየቀነጠሱ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አስረው እያስነጠሱ። ሸጋ አይታት ፈገግ አለችና «እትዬ ውብአየሁ...» ብላ ልትነሣ ስትል የእናቷን ፊት አይታ ተቀመጠች።

«ደጌ፣ ለብቻሽ ላነጋግርሽ።»

«የምትናገሪው ካለ እዚሁ ተናገሪ። የተሸፈነ ነገር ሰልችቶኛል።»

ውብአየሁ ሴቶቹን አየች። ግማሾቹ የእሷን ማማሰያ ተቀብለው የተማሩ ናቸው።

«አላሸትም» አለች።

«ምን?»

«ሽታ ጠፍቶብኛል። ካመመኝ ወዲህ። ቅቤውም አልሸተተኝም፤ ድስቱንም መለየት አቃተኝ። ገምቼ ነው የጣድኩት።»

አንዲት ሴት ልትሥቅ ጀመረች፤ የተቀላቀላት ሰው ስታጣ ተወችው። ደጊቱ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና የቅመም ቋጠሮዎቿን ይዛ ወጣች። «ዓይንሽን ጨፍኚ።» አንዱን ፈትታ ከአፍንጫዋ ሥር አደረገች።

«ይኼስ?»

«ምንም።»

«ይኼስ?»

«ምንም።»

ሦስተኛው በሶብላ ነበር፤ ሽታው ግቢውን ሁሉ አዳርሷል፤ ከበሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች እንኳ አንገታቸውን አቀኑ። ውብአየሁ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ሕፃን ጡት እንደሚፈልግ አፍንጫዋን ወዲህና ወዲያ አደረገች። ደጊቱ ቋጠሮውን ወደ ራሷ መለሰች።

«ካመመሽ ወዲህ?»

«አዎ።»

«በየሰንበቱ እቤቴ በልተሻል! 'ጣፈጠኝ' ብለሽኛል!»

«ብያለሁ። ፊታችሁን ነበር የምቀምሰው። እናንተ ሲጣፍጣችሁ ይጣፍጠኝ ነበር።»

«ሰርጉስ? ዝም ብለሽ የልጄን ሰርግ ወጥ ልትጥጂ ነበር? አንቺ ልጄን... እኔን አላመንሽኝም? በበሽታሽ አጠገብሽ ያደርኩትን?»

«እስከ ፋሲካ ይመለሳል ብዬ...»

«ባይመለስስ!»

ደጊቱ ቋጠሮዎቹን ማሰር ጀመረች፤ ክሩ እምቢ አላት። «እኔ ክፉ ነገር አስቤብሻለሁ» አለች ቀና ሳትል። «አንቺ አሳሰብሽኝ። አሁን ሂጂ። ልቤ እንዲህ ሆኖ አላነጋግርሽም።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። መድኃኒት የሚያውቅ ሁሉ መጣ፤ አንዱ ፌጦ፣ አንዱ ጠበል፣ አንዱ የዱር ሥር። መኪና ሲያልፍ የሚወርድ አንድ መርፌ ወጊ ድሬሰር «ይመለስም ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል» ብሏት ሄደ። ለትንሣኤ ማግስት ድግስ የጠሩዋት ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ፣ ስለ ዝናብ እያወሩ፣ ስለ ጤናዋ እየጠየቁ፣ ጥሪያቸውን በትሕትና መለሱት። ማንም ክፉ አልተናገራትም። ክፉ ቢናገሯት ይሻላት ነበር።

ከጠቡ ወዲህ ተራው ተቋርጦ ነበር፤ የሆሣዕና ዕለት እታለማሁ ለራሷ ወሰደችው። ውብአየሁ አልሄድም ብላ ተኝታ ሳለ እታለማሁ ራሷ መጥታ ጎትታ አስነሣቻት። «ጎመን ነው የሠራሁት፤ ለአንቺ አይደለም ለራሴ ነው፤ ብቻዬን ስበላ ያንቀኛል» አለቻት። ሁለቱ መሶቡን ከበው ሊጀምሩ ሲሉ ደጊቱ በሩ ላይ ቆመች። የዘንባባ ቅጠል ግንባሯ ላይ አስራለች። ገባች፣ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፣ እንጀራም አልቆረሰችም። እታለማሁ እንኳ ቀልድ አጣች። ጎመኑ መሐላቸው ይጨሳል።

ያኔ ደጅ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። አንድ ገበሬ ጋቢውን አጣፍቶ ልጓሙን እንደያዘ በበሩ ብቅ አለ።

ንግግሩ አገውኛ ነው። «እሜቴ ውብአየሁ እዚህ ናቸው አሉኝ። ከጥርባ ነው የመጣሁ። ለአባቴ ተዝካር ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ። እርስዎ ካልመጡልኝ ቀኑን እለውጠዋለሁ።»

ወሬው ጥርባ አልደረሰም። ውብአየሁ ወደ በሩ ወጣች። እታለማሁ ከኋላዋ ቀሚሷን ጎተት አድርጋ በዚያው ቋንቋ ሹክ አለቻት፤ «እሺ በይው። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ። እኔ አሸትልሻለሁ፤ ማንም አያውቅ።»

ከጥርባ ወዲያ ዘንገና ነው፤ አገሯ ነው፤ በክብር ፈረስ ተልኮላት ልትገባ ነው። ደግሞም የሚሆን ነገር ነበር። ግን ክዳኑን ገልጣ የሰው ዓይን ዓይን ስታይ፣ «ደረሰ?» እያለች በሹክሹክታ ስትጠይቅ፣ ሌላ ድስት ሌላ ዕጣ ሲወድቅባት ታያት።

«እኔ አልሠራም፣ ወንድሜ» አለችው። «አሞኝ ሽታ ጠፍቶብኛል። የማላሸተውን ወጥ ለአባትህ ነፍስ አልሠራም። ኮሶበር ውዴ የምትባል ሴት አለች፤ እሷን ጥራ።»

ሰውየው ግራ ተጋባ። ክፍያ ያነሰባት መስሎት «ልጨምር» ሊል ሲል እጇን አንሥታ አቆመችው። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረች። ደጊቱ አገውኛ አትሰማም፤ የሰውየውን ፈረስና የውብአየሁን ጀርባ ብቻ ነበር የምታየው። ውብአየሁ እንደገና፣ አሁን በአማርኛ፣ ቀስ ብላ ደገመችው፤

«ለተዝካር ጠርቶኝ ነው። ሽታ ጠፍቶብኛል፣ አልሠራም አልኩት።»

በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ሰውየው ፈረሱን እየሳበ ሄደ፤ ኮቴው እስኪጠፋ አዳመጠችው። በትንሣኤ ማግስት በምን እንደምትኖር አታውቅም። ስሟ ከዚያ ፈረስ ጋር አቧራውን እየረገጠ ወደ ላይ ሲወጣ ዓይኗ ተከተለው፤ አሁንም እንባዋ መጣ፤ በአቅራቢያዋ የምታሳብብበት ምድጃ አልነበረም።

«ጎመኑ እየቀዘቀዘ ነው» አለች ደጊቱ ከውስጥ። ድምጿ ገና አልለሰለሰም። «ነይ ተቀመጪ።»

ውብአየሁ ገባች።